ካርዱን መልሺው

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። አቦሉ ሳይቀዳ አንዷ የደም ባንክ ካርዷን ከቦርሳዋ መዘዘችና፣ «እኔ ኤ ፖዘቲቭ ነኝ። ኤ ደም ያላትን ሴት የጡት ካንሰር ቶሎ ይይዛታል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። ሐኪም አይደለሁም፤ ማንበብ ስለማበዛ ግን እንዲህ ያለው ጥያቄ ከእኔ አያልፍም።

እናንተዬ፣ ወሬው እንዲያው ከሜዳ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1953 እንግሊዝ አገር የነበሩ ሐኪሞች የጨጓራ ካንሰር ኤ ደም ባላቸው ሰዎች ላይ በዛ ብሎ አገኙት። ኤ፣ ቢ የምንለው ሴሉ ላይ የተለጠፈ የስኳር ዓይነት ነው፤ ደም ላይ ብቻ ሳይሆን ጨጓራ ግድግዳ ላይም አለ። በ2009 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኦ ያልሆኑ ሰዎች ለቆሽት ካንሰር ከፍ ያለ ዕድል እንዳላቸው ታየ።

ወደ ጡት ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዳንድ ትንንሽ ጥናቶች ኤን ከሰሱት፤ ሌሎቹ ነፃ አወጡት። ከ1976 ጀምሮ የአሜሪካ ነርሶችን ሲከታተል የኖረው ትልቁ ጥናት በ2012 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በደም ዓይነትና በጡት ካንሰር መካከል ዝምድና አላገኘም።

«ስለዚህ ካርዱን መልሺው» አልኳት። «ይልቅ የአባትሽ እህት በምን ሞተች?»

ሲኒዋን አዞረች። «ታማ ነበር ነው የሚሉት።»

ይኸው ነው የእኛ ነገር! የደማችንን ፊደል በካርድ ይዘን እንዞራለን፤ የአክስታችንን በሽታ ግን አናውቅም። ከጡት ካንሰር ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው በዘር የሚወረስ ነው፤ እሱም ከእናት ብቻ ሳይሆን ከአባት ወገንም ይመጣል። የቀረው አብዛኛው ዘር አይቆጥርም። ስለዚህ ዘመድ ጠይቆ ማረፍ የለም፤ ጡት ላይ አዲስ እብጠት ከተገኘ፣ ባያምም እንኳ፣ ሐኪም ይየው። መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ አያምምምና።

ቶናው ሲቀዳ ልጅት እናቷ ጋ ደወለች። ስልኩ ላውድ ላይ ነበር።

«እማዬ፣ አክስቴ በምን ነበር የሞተችው?»

«ምን አመጣው ዛሬ?» እናትየው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጡቷን ነበር። ሰው እንዳይሰማ!»

ሰባት ሴቶች ሲኒያችንን እንደያዝን ሰማን።