ስለ ብድርና ስለ መያዣ

በግእዝ ብድር ልቃሕ ይባላል፤ ወለዱ ርዴ፤ መያዣው ዐረቦን ነው። የዛሬ አማርኛ ከሦስቱ ሁለቱን ለመጻሕፍት ትቶ ዐረቦንን ብቻ በገበያ አስቀርቶታል፤ እርሱንም ቢሆን ከቦታው አንሥቶ፣ ባለመኪናውና ባለሱቁ በየዓመቱ ለመድን ድርጅት የሚከፍሉት ገንዘብ መጠሪያ አድርጎታል። «ብድር» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ወገን አለው። «እገሌ ብድሩን መለሰ» ቢሉ የተበደረውን ከፈለ ማለት ይሆናል፤ የተደረገለትን ውለታ ወይም የተፈጸመበትን በደል መለሰ ማለትም ይሆናል። ስለዚህ ሰው ገንዘብ ሲሰጠው አስቀድሞ የሚመረምረው ብዛቱን ሳይሆን ሰጪው ማን እንደሆነና በምን ልብ እንደሰጠው ነው። የመንግሥት ብድር ወደ ታናናሽ ነጋዴዎች በወረደ ጊዜ ከተነሡት መሰናክሎች አንዱ ይህ ነው፤ ከዚህ የባሰው ግን የዐረቦኑ ነገር ነው። ለሁለቱም አቦቦ ምስክር ትሆናለች።

አቦቦ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ታናሽ ከተማና የወረዳ መቀመጫ ናት። አገሩ ቆላ፣ ሙቀቱ ብርቱ ነው። የአኙዋ ሕዝብ ምድር ስትሆን፣ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ከወሎና ከሌላም ደጋ አገር በሠፈራ የመጡ ሰዎች ወልደው ከብደውባታል። በአጠገቧ ያለው የአልዌሮ ወንዝ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተገድቦ ሰፊ ሐይቅ ሆኗል፤ ከሐይቁም አምባዛና ቆሮሶ ይጠመዳል። በገበያዋ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ማንጎ፣ ቦርዴና ዐሣ ይሸጣል።

የባንክ ነገር ለዚያ አገር አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ጋምቤላ የወንዝ ወደብ ሆነች። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ሸቀጥ ያመጣ ነበር፤ የምዕራቡ አገር ቡናም በዚያው ይወርድ ነበር። በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክም በዚህ ንግድ ምክንያት በጋምቤላ ወኪል አቆመ። ደንበኞቹ በአብዛኛው የውጭ አገር ነጋዴዎች ነበሩ። ቡናውን ከደጋ በጫንቃው ተሸክሞ የሚያወርደው ሰው ግን ወደዚያ በር የሚቀርብበት ምክንያት አልነበረውም፤ የሚያስይዘው የለውምና። ከጠላት ወረራ በኋላ የተቋቋመው የእርሻ ባንክ በጦርነቱ የተጎዳውን አነስተኛ ገበሬ ለመርዳት ታስቦ ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. የልማት ባንክ ተብሎ ሲደራጅ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ወደ ትልልቁ ሥራ አዘነበለ።

የዚህ ባንክ ስም በጋምቤላ ምድር አብዝቶ የተሰማው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሰፋፊ መሬት ለባለሀብቶች በኪራይ ሲሰጥ የአቦቦም ምድር ከዚያ ደረሰው፤ ሳውዲ ስታር የተባለው የእርሻ ድርጅት ሩዝ ለማልማት በአልዌሮ አካባቢ 10,000 ሄክታር ወሰደ። ከዚህም ሌላ ብዙ መቶ ባለሀብቶች በየወረዳው በዝናብ የሚለማ መሬት ተረከቡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከልማት ባንክ ተበደሩ። መያዣቸው ምን ነበር ቢሉ ፕሮጀክቱ ራሱ ነበር፤ ይኸውም የኪራይ ውሉና በብድሩ የሚገዛው መሣሪያ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ነገሩን ቢያስመረምር፣ በአንድ መሬት ላይ የሁለት ሰው ካርታ ተደርቦ ተገኘ፤ ብድር ተወስዶበት ሳይታረስ የቀረ መሬትም ተገኘ። ባንኩም በዝናብ ለሚለማ ሰፊ እርሻ ማበደሩን አቋረጠ። በዚህ ነገር ላይ ብዙ መጨመር አያስፈልግም፤ ያልታረሰ ጫካ መያዣ ሆኖ መቆጠሩን አንባቢ ያስታውስ፤ ከታች ካለው ጋር ያስተያየዋልና።

ለታናናሾቹ የተሠራው ሥርዓት ሌላ ነው። በ1988 ዓ.ም. አነስተኛ ብድር የሚሰጡ ተቋማትን የሚፈቅድ አዋጅ ቁጥር 40 ወጣ፤ በኅዳር 1990 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ልማት ስልት ተዘጋጀ። ብሔራዊ ባንክ በመጀመሪያ የአንድ ሰው ብድር ከ5,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ ይህ ወሰን ኋላ ተነሥቷል። ከነዚህ ተቋማት አንዱ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ ጋምቤላም የራሷ ማይክሮ ፋይናንስ አላት። የሁሉም ብልሃት አንድ ነው፤ የሚያስይዘው ለሌለው ሰው ሰውን ራሱን መያዣ ያደርጉታል። ጥቂት ሰዎች ቡድን ይሆናሉ፤ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፤ አንዱ ቢያጎድል የቀሩት ይሞላሉ።

እንግዲህ በአቦቦ ገበያ ዐሣ የምትሸጥ አንዲት የአኙዋ ሴት ትታሰብ። ቤቷ የጭቃና የሣር ነው፤ ካርታ የለውም። አኙዋ ከጥንት ሀብቱን ካኖረበት ነገር አንዱ ድሙይ ነው፤ ይኸውም ለማጫ የሚሰጥ ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ነው። በሽማግሌዎች ፊት ትዳር የሚያጸና፣ ቤተ ዘመድን ከቤተ ዘመድ የሚያስተሳስር ይህ ዶቃ በብድር ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ የልጅ መጫወቻ ነው። ስለዚህ ሴቲቱ ያላት አራት ጓደኞች ፈልጎ አምስት መሆን ነው። እያንዳንዳቸው 20,000 ብር ተበደሩ ይባል። ከአምስቱ አንዷ በወባ ብትወድቅ፣ ወይም ባሏ ወርቅ ፍለጋ ወደ ዲማ ሲሄድ ተከትላው ብትጠፋ፣ የእርሷ 20,000 ብር በአራቱ ላይ 5,000፣ 5,000 ሆኖ ይወድቃል። አራቱም ዕዳቸው በራሳቸው ጥፋት ያልመጣ ስለሆነ ይከፋቸዋል፤ ሁለቱ መክፈል ይተዋሉ፤ የቀሩት ሁለቱ የአምስት ሰው ዕዳ ተሸካሚ ይሆናሉ። ደግሞም ብዙ ጊዜ የአንድ ቤት ሰዎች በአንድ ቡድን አይግቡ ይባላል። ለባለደንቡ ይህ መልካም ጥንቃቄ ነው፤ ግማሹ መንደር አጎትና የእኅት ልጅ በሆነበት ስፍራ ግን ዘመድ ያልሆነና የሚታመን አምስተኛ ሰው መፈለግ ዐሣ ከማጥመድ ይከብዳል።

የጊዜው ነገር ከዚህ አያንስም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። በአቦቦ ዝናቡ የሚጀምረው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ገበሬው ለዘር ገንዘብ የሚያስፈልገው የአሮጌው ዓመት በጀት ባለቀበት ወራት ነው ማለት ነው። አዲሱ ሲመጣ በቆሎው ከጉልበት በላይ ሆኗል። በቆሎ የሚነግደው ሰው ደግሞ በመኸር በርካሽ ገዝቶ በክረምት በውድ ለመሸጥ ወራት የሚታገሥ ገንዘብ ይፈልጋል፤ በየወሩ ክፈል የሚል ብድር ግን በሁለተኛው ወር ጎተራውን ያስከፍተዋል። ዐሣ ነጋዴዋ ግን በየወሩ ክፈዪ ብትባል አይከብዳትም፤ ዐሣ በዚያ ፀሐይ እስከ ማታ አይቆይምና በየቀኑ ትሸጣለች፣ በየቀኑም ጥቂት ትይዛለች። የእርሷ ጭንቀት ማቀዝቀዣ ነው። ማቀዝቀዣ ቢኖራት የማለዳውን ዐሣ ጠብቃ ጋምቤላ ድረስ ልካ በሙሉ ዋጋ ትሸጠው ነበር። አንዱ ረጅም ጊዜ፣ አንዷ አንድ ዕቃ፣ አንዱ የግንቦት ዘር ሲፈልጉ ሦስቱም የሚሞሉት ቅጽ አንድ ዓይነት ይሆናል።

የሙሴ ሕግ ወፍጮንና መጁን መያዣ አድርጎ መውሰድን ይከለክላል፤ የድኻ ልብስ በመያዣ ቢወሰድም ፀሐይ ሳትገባ እንዲመለስለት ያዝዛል። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ መጁ የተወሰደበት ሰው እንጀራውን ብቻ ሳይሆን ዕዳውን የሚከፍልበትንም ያጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብት፣ እህልና መሣሪያ መያዣ እንዲሆኑ ፈቀደ። ላይ ላዩን ለሚያየው የሙሴን ሕግ የሚቃወም ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ዕቃው በመዝገብ ይጻፋል እንጂ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ መጁ በቤቱ እየፈጨ መያዣ ይሆናል። ይህ ብልህ ሕግ ነው፤ የሚፈተነው ባለዕዳው መክፈል ባቃተው ቀን ነው እንጂ።

ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። በሊዝ ፋይናንስ ሥርዓት ተበዳሪው ከዋጋው 20 ከመቶ ያህል ቆጥቦ ሲያመጣ ተቋሙ መሣሪያውን ገዝቶ ያከራየዋል፤ ኪራዩን ከፍሎ ሲጨርስ የራሱ ይሆናል። እዚህ ላይ መጁ እስኪከፈል ድረስ የአበዳሪው ስለሆነ ከድኻው ቤት ተወሰደ አይባልም፤ ለዐሣ ነጋዴዋ ማቀዝቀዣ ከዚህ የተስማማ መንገድ አይገኝም። ለዚህ ሥራ በአዲስ አበባ፣ በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በደቡብና በትግራይ አምስት ድርጅቶች ተቋቁመው ነበር፤ ጋምቤላ ከአምስቱ አልነበረችም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ገበሬ በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል፤ ይህም የይዞታ ደብተር ለያዘው ነው። ድንበሩን በወንዝና በዛፍ፣ ምስክሩንም በሽማግሌ አፍ ለሚያውቀው ሰው ሽማግሌው የሚያውቀው ሁሉ ወደ ደብተር እስኪገባ ድረስ አዋጁ ከሩቅ የሚሰማ ደወል ነው።

ስለ ሥጦታም አንድ ነገር መናገር ይገባል። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት ተቋቋመ፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች በየክልሉ የብድር ተቋማት በኩል እንዲደርስ ታዘዘ። ተዘዋዋሪ መባሉ አንዱ የመለሰውን ሌላው እንዲበደረው ነው። ዳሩ ግን ገንዘቡ የታሰበው አገር በወጣቶች ተቃውሞ በታወከበት ወራት ነበር። መንግሥት ልቃሕ ብሎ ሰጠ፤ ከወጣቱ ግን ብዙው በሁለተኛው የቃሉ ወገን፣ ማለት ለቀረበት ነገር እንደ ካሣ አድርጎ ተቀበለው። ካሣ ደግሞ አይመለስም። ሳይመለስ የቀረው ገንዘብ ብዙ መሆኑ በየክልሉ ተደጋግሞ የተሰማውም ስለዚህ ነው፤ በዚህም የተጎዳው መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ተራው ሳይደርሰው ገንዘቡ መዞሩን ያቆመበት ሁለተኛው ወጣት ነው።

በዚያው ጊዜ የተጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔት ግን በግልጥ ሥጦታ ነበር። የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ መንግሥትም 150 ሚሊዮን ዶላር መድበውለት በ11 ከተሞች ሲሠራ ጋምቤላ ከተማ አንዷ ነበረች። ድኻው በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርቶ ከሚከፈለው 20 ከመቶ ይቆጥባል፤ በኋላም ለሥራ መነሻ 500 ዶላር የሚያህል ገንዘብ ይሰጠዋል። የሚያስደንቀው ነገር ሥጦታው ዐረቦን የነበረው መሆኑ ነው፤ ዐረቦኑም ሰውዬው የሠራው ሥራና ከአፉ ነጥቆ የቆጠበው ሣንቲም ነበር። ከተሞቹ መዲናዎችና ታላላቆች ስለነበሩ አቦቦ አልገባችበትም፤ ሥጦታው ከ40 ኪሎ ሜትር ወዲያ ቆመ።

ከነዚህ ሁሉ በር ያጣ ሰው ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 ከመቶ እንዳይበልጥ ቢወስንም፣ አራጣ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በወር ነው፤ ወረቀቱም ላይ ወለዱ አይጻፍም።

ዐሣ ነጋዴዋ ግን ዕቁብ ልትገባ ትችላለች። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል። አሥር ሴቶች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣላት 5,000 ብር ታነሣለች፤ ብሔራዊ ባንክ ጥንት የወሰነው ያው ልክ መሆኑ ነው። በዛሬ ገበያ ይህ ለመረብና ለጨው ቢበቃ ነው፤ ለማቀዝቀዣ አይበቃም። ስለዚህ ከቀትር በኋላ የተረፈውን ዐሣ ሰንጥቃ በጨው አሽታ በገመድ ላይ ትሰጣዋለች። ዕጣው ባልደረሳት ሳምንት ጨዉን ከባለሱቁ በዱቤ ትወስዳለች፤ እርሱም ስሟንና የወሰደችውን ኪሎ በደብተሩ ጫፍ ይጽፋል።