ቤት እያለን ሜዳ ማደር

  ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ብርድ ነው። በብርድ ማማረር ለእኛ ለስደተኞች አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር፣ ማሞቂያ ያለው ቤትና ፍራሽ ያለው አልጋ ትተን፣ ያውም ገንዘብ ከፍለን፣ በጥር ብርድ ጫካ ውስጥ ማደራችን ነው።

በአገራችን ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ምክንያት አለው። ወይ እረኛ ነው፣ ወይ ሲራራ ነጋዴ ነው፣ ወይ ዘማች ነው፣ ወይ ደግሞ አገር ጥሎ የሚሰደድ ነው። ከመካከላችን የሱዳንን በረሃ በእግሩ ያቋረጠ፣ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረ ስንት ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «ልጅህ ለመዝናናት መሬት ላይ ይተኛ» ቢሉት፣ «ይህን ሁሉ የለፋሁት ልጄ መሬት ላይ እንዳይተኛ አይደለም ወይ?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ስለዚህ ልጆቻችን የካምፒንግ ወረቀት ይዘው ሲመጡ የብዙዎቻችን መልስ «አይሆንም» ነው። እሺ ያልን እንደሆነም ፈርመን፣ ልጁን ለፈረንጆቹ አስረክበን ወደ ሥራችን እንሮጣለን። እኔ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ሦስተኛ መንገድም አለ ለማለት ነው። እርሱም አብሮ መሄድ ነው።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለኝ። በምንኖርበት በሜሪላንድ ሰፈር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በሳምንት አንድ ቀን ማታ የሚሰበሰብ የስካውት ቡድን አባል ነው። ስካውት ለእኛም ባዕድ አይደለም። በጃንሆይ ዘመን ተማሪ የነበሩ ታላላቆቻችን ቁምጣውንና የአንገት መሐረቡን ያስታውሱታል። ነገሩን የጀመረው እንግሊዛዊው ቤደን ፓወል ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የሙከራ ሰፈር ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ነበር። ወደ አሜሪካ የገባው በ1910 ነው። ሴቶች ልጆችን በ2018 በታናናሾቹ ክፍል፣ በ2019 ደግሞ በታላላቆቹ ክፍል መቀበል ጀመረ። ከ2025 ወዲህ ስሙ «ስካውቲንግ አሜሪካ» ተብሏል።

ያለፈው ታሪኩ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ ግን አይደለም። ድርጅቱ በ2020 የኪሳራ ጥበቃ እንዲሰጠው ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ፣ በልጅነታችን ተደፈርን የሚሉ ከ82,000 በላይ ሰዎች አቤቱታ አስገብተዋል። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን «ሂድ፣ ደኅና እደር» ብሎ መላክ ይከብደዋል፤ እኔንም ከብዶኛል። ዛሬ ደንቡ ጥብቅ ሆኗል። ምንም ዓይነት ጉዞ ቢሆን ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት ያላነሰ ሁለት የተመዘገቡ አዋቂዎች መኖር አለባቸው። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም። በታላላቆቹ ክፍል ከልጆቹ ጋር የሚያድር ወላጅም ከመስከረም 2023 ጀምሮ መመዝገብና የልጆች ጥበቃ ትምህርት መውሰድ ግዴታው ነው። ትምህርቱ በኮምፒዩተር የሚወሰድ ስለሆነ ሌሊት ከሥራ ስገባ ጨረስኩት። ደንብ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ከደንብ ይልቅ የአባት ዓይን ይሻላል ብዬ ለመሄድ ወሰንኩ።

ውሳኔው ዋጋ ነበረው። ኑሮዬን የምገፋው በመኪና ሰው በማመላለስ ነው። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ የዓርብና የቅዳሜ ማታ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ የሳምንቱ እንጀራ የሚጋገረው በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ነው። ባለቤቴም «አንተም ልጁም ታማችሁ ብትመጡ የማስታምምበት ፈቃድ የለኝም፣ አስቡበት» አለች። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ በስልክ ስትሰማ ደግሞ ዝም ብላ ቆየችና «ምነው ልጄ፣ የቤት ኪራይ መክፈል አቃታችሁ እንዴ?» አለችኝ። ለመዝናናት ነው ብላት «ሰው ከብርድ ሸሽቶ ቤት ይገባል እንጂ ከቤት ወጥቶ ብርድ ፍለጋ ይሄዳል?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ከመሳቅ በቀር መልስ አላገኘሁላትም።

ለጉዞው የሚያስፈልገው ዕቃ ዝርዝር ሲመጣ ከሁሉ በላይ የተሰመረበት «ጥጥ ልብስ አይለበስ» የሚለው ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥጥ ላብና ውኃ ይጠጣል፤ ከረጠበ በኋላ ሙቀት አይዝም፣ እንዲያውም ከገላ ላይ ሙቀት ይወስዳል። ሱፍ ግን ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ይህን ሳነብ የመንዝ ሰዎች ታወሱኝ። ከበግ ፀጉር ፈትለው በርኖስና ባና የሚሠሩት፣ ይህን ነገር ማንም ወረቀት ላይ ሳይጽፍላቸው ስላወቁት ነው። ባለቤቴ ግን ጋቢውን ጠቅልላ መኪናው ውስጥ ከተተችው። ልጄ «አባዬ፣ ጥጥ ነው እኮ! አይፈቀድም!» አለ። «ውኃ ካልነካው የሚያህለው የለም፤ በላስቲክ ጠቅልለን እንይዘዋለን» አልኩት።

የሄድነው ቱርሞንት ከምትባለው ከተማ አጠገብ ወዳለው የካቶክቲን ተራራ ፓርክ ነው። ከዋሽንግተን ስልሳ ማይል ያህል ይርቃል። የፕሬዚዳንቶቹ ማረፊያ ካምፕ ዴቪድ፣ ግብፅና እስራኤል በ1978 የተስማሙበት ቦታ፣ እዚያው ፓርክ ውስጥ ነው። ለጎብኚ ግን አይከፈትም። ዛሬ ጥቅጥቅ ያለው ጫካ አንድ ዘመን ተመንጥሮ ነበር። ከ1776 እስከ 1903 በተራራው ግርጌ ይሠራ የነበረው የብረት ማቅለጫ ዛፉን ለከሰል ጨርሶታል። የቡድኑ መሪ ይህን ለልጆቹ ሲነግራቸው፣ ከሰል ተራራን እንዴት እንደሚያራቁት ለእኔ ማስረዳት አላስፈለገውም።

ዓርብ ማታ ስንደርስ ጨልሟል። ልጆቹ በባትሪ ብርሃን ድንኳናቸውን ራሳቸው ተከሉ። አዋቂ አይነካም፤ ቢጣመምም የሚያቃናው ታላቁ ልጅ ነው። በታላላቆቹ ክፍል ልጅና ወላጅ በአንድ ድንኳን አያድሩም፤ ልጆቹ ከእኩያ ጓደኞቻቸው ጋር ነው የሚተኙት። ልጄ ከእኔ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ሊያድር ነው። አባት ሆኖ የልጁን ትንፋሽ መስማት በማይችልበት ቦታ፣ በዚያ ብርድ መተኛት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው።

ከዚያ መሪው ልጆቹን ሰብስቦ ስለ መኝታ አስተማረ። «ከላይ የምትደርቡት ብቻ አያድናችሁም፤ ሙቀታችሁን የሚወስደው መሬቱ ነው። በመጀመሪያ ከሥራችሁ ምን እንዳነጠፋችሁ አሳዩኝ» አለ። ልጆቹ ስስ የስፖንጅ ምንጣፋቸውን አወጡ። ወደ እኔ ዞር ብሎ «እናንተ አገር እንዴት ነው?» ሲለኝ ስለ አጎዛ ነገርኳቸው። በጉ ሲታረድ ቆዳው ከነፀጉሩ ተዘጋጅቶ እንደሚነጠፍ፣ በፀጉሩ መካከል ያለው አየር የመሬቱን ቅዝቃዜ እንደሚከለክል አስረዳሁ። «ይኸው፣ እኔ ከመጽሐፍ የተማርኩትን ይህ ሰው በአምስት ዓመቱ ተኝቶበታል» አላቸው። ልጄን አየሁት፤ ቀና ብሎ እያየኝ ነበር።

እሳት ዳር ስንቀመጥ ልጆቹ አልለቀቁኝም። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በግ እየጠበቅሁ እንዳደግሁ ነገርኳቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ እንደሚያድር፣ በባዶ እግራችን ወጥተን ፀሐይ እስክትሞቅ እንደምንቆም፣ ላም ተኝታበት የተነሣችበትን ቦታ ተሻምተን እግራችንን እንደምናሞቅበት አወራሁ። በላሟ ነገር በሳቅ ፈነዱ። ልጄ ግን አልሳቀም። ኋላ ቀስ ብሎ ቀረበኝና «ይህን ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ይህች ቃል እንቅልፍ ነሣችኝ። እኔ ከቤት ስወጣ እርሱ ትምህርት ቤት ነው፤ እኔ ስገባ እርሱ ተኝቷል። ስንገናኝ ወሬያችን «የቤት ሥራ ሠራህ? በላህ?» ነው። የአባቱን ታሪክ በአማርኛ፣ በቤቱ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን፣ በእንግሊዝኛ፣ በሰው ልጆች መካከል ተቀምጦ ሰማው። ቢሆንም ሰማው።

ሌሊቱ እስከ 18 ዲግሪ ፋራናይት ወረደ፤ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 8 ገደማ ማለት ነው። አንድ ሌላ ወላጅ የጋዝ ምድጃውን ድንኳን ውስጥ አስገብቶ ለመሞቅ ሲያስብ መሪው ወዲያው ከለከለው። ይህን እኛ ይበልጥ እናውቃለን። የከሰል ምድጃ ዘግቶበት የተኛ ቤተሰብ ጧት ሬሳው እንደሚወጣ አገር ቤት ያልሰማ የለም። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ትንሽ ልጅ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። የእኔ ልጅ አይደለም፤ ግን የሰው ልጅ ነው። ደንቡን አስቤ መሪውን ቀሰቀስኩና ሁለታችን ሄድን። ልጁ ቀን የለበሰውን ካልሲ ሳይቀይር፣ በላብ እንደረጠበ ነበር የተኛው። መሪው ስሙን ጠየቀው፣ ጥቂት አናገረው። ብርድ የጎዳው ሰው ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይደናቀፋል፣ ጣቱ አልታዘዝ ይለዋል፤ እነዚህ ከታዩ ነገሩ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ደግነቱ ልጁ በደንብ ይናገር ነበር። ደረቅ የሱፍ ካልሲና ኮፍያ አለበስነው፣ ትኩስ ካካዎና ብስኩት ሰጠነው፣ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልተን ከረጢቱ ውስጥ ከተትንለት። እኔም ጋቢውን ከላስቲኩ አውጥቼ በላዩ ደረብኩለት። አራት እጥፍ፣ ደረቅ ጋቢ! ብዙም ሳይቆይ መንቀጥቀጡ ተወውና እንቅልፍ ወሰደው።

በጫጫታው ልጄ ነቅቶ ከድንኳኑ ራሱን ብቅ አድርጎ ያይ ነበር። «ይሞቀዋል?» አለኝ በሹክሹክታ። «ይሞቀዋል፤ አንተስ?» አልኩት። «እኔ ደኅና ነኝ፤ ሂድ ተኛ አባዬ» አለኝ። ልጅ ለአባቱ «ሂድ ተኛ» የሚልበት ቀን እንዲህ ሳይታሰብ ይመጣል።

ሲነጋ ድንኳኖቹ በውርጭ ነጭ ሆነው ነበር። የውኃ ጠርሙሳቸውን በአፉ ደፍተው ያሳደሩት ልጆች ውኃ ጠጡ፤ በረዶው የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ በተደፋው ጠርሙስ አፉ አይዘጋም። ቁርስ ልጆቹ ጋገሩ። አንድ ጎኑ ያረረ፣ ሌላው ያልበሰለ ነበር፤ ሁላችንም በላነው። ቅዳሜን ተራራ ስንወጣና እንጨት ስንፈልጥ ዋልን። እሁድ ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ «እማማ አሁንም አጎዛ አላት?» ብሎ ጠየቀኝ። ደወልንላት። በተሰባበረ አማርኛው ራሱ ጠየቃት። እርሷም ስለ አጎዛው ስትነግረው ሩብ ሰዓት ያህል አወሩ፤ ከዚያ በፊት ከሁለት ደቂቃ በላይ አውርተው አያውቁም።

እንግዲህ ወላጆች፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት እያንዳንዳችሁ ስካውት ግቡ ለማለት አይደለም። ኳስም ይሁን ሙዚቃ ወይም የትምህርት ቤት ጉዞ፣ ልጃችሁ የሚሄድበት ቦታ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አብራችሁ ሂዱ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ የዚህን አገር ብርድ በዚህ አገር ዘዴ መቻልን ልጆቻችን ይማሩ። እኛ ያመጣነው ዘዴም እንደሚሠራ በዓይናቸው ይዩ።

በብርድ ለምትሄዱ ደግሞ ጥቂት ምክር ልስጥ። ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ብዙ ቡድኖች ድንኳን ያውሳሉ፣ የሱፍ ልብስም በአሮጌ ልብስ መደብር በርካሽ ይገኛል። በመኝታ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው መቻያ እንጂ ተመችቶ የሚተኙበት አይደለምና ከሚጠበቀው ብርድ ዝቅ ያለውን ምረጡ። ከመተኛታችሁ በፊት ካልሲ ቀይሩ፣ የሚያሞቅ ነገር ብሉ፣ ሽንታችሁን ሽኑ። የነገውን ልብስ ከረጢቱ ውስጥ አስገብታችሁ እደሩ። እሳት ድንኳን ውስጥ በፍጹም አታስገቡ። ጋቢውንም ያዙ፤ ብቻ እንዳይረጥብ።

ሁለቱን የሥራ ሌሊት በተመለከተ፣ ገንዘቡ በሚቀጥሉት ሳምንታት ተጨማሪ ሰዓት እየሠራሁ ተተካ። ልጄ ግን በሚቀጥለው ጥር አሥራ ሦስት ዓመት ይሞላዋል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ዳግመኛ አይሆነውም። ቸር ይግጠመን።