ውኃው አብሮ አያንስም

ትልልቅ ሰዎች ሪሞት ይዘው ኩሬ ዳር ቆመው ትንሽ ጀልባ ሲነዱ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ብሎ ያልፋል። የልጅ መጫወቻ ይመስለዋል። እኔ ግን እጅን፣ ሒሳብንና ትዝታን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያሠራ እንደዚህ ያለ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጽፍበት ነው፤ በተለይ አሁን እየሠራኋት ስላለችው መርከብ።

ስሟ «ኢትዮጵያ» ነው። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ የነበረችው። ዕድሜው ገፋ ያለ አንባቢ ምጽዋ ወደብ ላይ የተነሣ ፎቶዋን ሳያይ አልቀረም። ባሕር ኃይሉ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን እሷ የመጣችው በ1962 ነው። የተሠራችው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ነው፤ በ1944 «ኦርካ» ተብላ አገልግሎት ጀመረች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓሲፊክ ላይ ውኃ ላይ የሚያርፉ የጦር አውሮፕላኖችን በነዳጅና በጥገና ትደግፍ ነበር። እኛ ዘንድ ከመጣች በኋላ ዕጩ መኮንኖች የሚሠለጥኑባት ሆነች። በ1991 ከሌሎች መርከቦቻችን ጋር ወደ የመን ሸሸች። እዚያው ቆማ ቀረችና በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ይህ ያንገበግበኛል። ያን ያህል ወጣት የባሕርን ሥራ የተማረባት መርከብ ቆርቆሮዋ እንኳ በቅርስነት አልተቀመጠም። አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ይህን ሊያካክስ አይችልም፤ ግን ውኃ ላይ የምትሄድ አምሳያዋን መሥራት ይችላል። ደግነቱ በአንድ ንድፍ የተሠሩ እህቶቿ ከ30 በላይ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ስለተሰጡ ፎቶና ሥዕላቸው በየቦታው ይገኛል።

መጠኗን 1 ለ100 አደረግሁት። ዋናዋ ወደ 95 ሜትር ትረዝማለች፤ የእኔዋ 95 ሳንቲ ሜትር ናት። ወርዷ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ክብደቱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል፤ ምክንያቱም ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ጥልቀቱም መቶ መቶ ጊዜ ሲያንሱ ክብደቱ የሚያንሰው ሚሊዮን ጊዜ ነው። ጭነቷን ይዛ 2,600 ቶን ገደማ የነበረችው መርከብ 2.6 ኪሎ ትሆናለች ማለት ነው። በዚህ 2.6 ኪሎ ውስጥ ሁለት ሞተር፣ ባትሪ፣ የሬዲዮ ዕቃው፣ መድፎቹ፣ ምሰሶው፣ ቀለሙ ሳይቀር መግባት አለበት። ስለዚህ ከላይ ያለው ሁሉ ከስስ ፕላስቲክና ባልሳ ከሚባለው በጣም ቀላል እንጨት ይሠራል፤ ከታች ደግሞ እርሳስ ይጣልባታል። የወጥ ቤት ሚዛን ከጠረጴዛዬ ላይ አይነሣም። የቀለም ድርብ እንኳ ይመዘናል።

የፍጥነቱን ሕግ ያወጣልን ዊልያም ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። በ1870ዎቹ ረጅም የውኃ ገንዳ አሠርቶ የመርከብ አምሳያዎችን እየጎተተ ሲለካ፣ ትንሿ መርከብ የትልቋን ዓይነት ማዕበል የምታስነሣው ፍጥነቷ በመጠኑ ስኩዌር ሩት ሲቀንስ መሆኑን አሳየ። የመቶ ስኩዌር ሩት አሥር ነው። «ኢትዮጵያ» በሰዓት 18 የባሕር ማይል ያህል ትሄድ ነበር፤ የእኔዋ 1.8 ትሄዳለች፤ ይህ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ነው። አዲስ ገቢዎች ሁሉ ጠንካራ ሞተር ይገጥሙና መርከባቸው እንደ ፈጣን ጀልባ አፍንጫዋን አንሥታ ስትበር ይደሰታሉ። እኔ ያን ማየት አልወድም። በትክክለኛው ፍጥነት ስትሄድ አፍንጫዋ ላይ የሚከፈለው ነጭ አረፋ ልክ በፎቶው ላይ እንዳለው ይሆናል፤ ያኔ አንገትህን ዝቅ አድርገህ ካየሃት መጠኗ ይጠፋብሃል።

ነፋሱ ግን አያንስም፤ ውኃውም አያንስም። የችግሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ፣ ቅጠል ብቻ የሚያወዛውዝ ነፋስ ለእሷ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እንደሚነፍስ አውሎ ነፋስ ነው። ዳክዬ የቀዘፈው ሞገድ ከመድፏ አፍ ይደርሳል። እንዲህ ባለ አየር ተገልብጣ እንዳትሰጥም ክብደቷ እጅግ ወደ ታች መውረድ አለበት።

ስለ ሬዲዮው ብዙ አልልም፤ ዛሬ ርካሽና አስተማማኝ ሆኗል። የድሮዎቹ በ27 ሜጋኸርዝ ሲሠሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ሞገድ ከሠሩ የአንዱ መርከብ ለሌላው ትታዘዝ ነበር፤ የአሁኖቹ 2.4 ጊጋኸርዝ ስለሆኑ እርስ በርስ አይጠላለፉም። ይህ ሞገድ ውኃ ውስጥ ስለማያልፍ ግን አንቴናው ከውኃው ወለል በላይ መቀመጥ አለበት። ነገሩ ሁሉ የጀመረው በጀልባ መሆኑ ደስ ይለኛል፦ ኒኮላ ቴስላ በ1898 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሕዝብ ፊት ገንዳ አስሞልቶ አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ አዘዛት፤ በዚያው ዓመት የፈጠራ መብቱንም ተቀበለ።

እዚህ ሜሪላንድ፣ በምንሰበሰብበት ኩሬ ዳር የሚቆሙት አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። መርከቤን ገና ሳትቀባ ለሙከራ ይዤያት ስሄድ በባሕር ኃይላችን ያገለገሉ አንድ አባት አብረውኝ መጡ። ጋሼ ብዙ አልተናገሩም። ሁለቱ ፕሮፔለሮች በተቃራኒ አቅጣጫ መዞራቸውን አጎንብሰው አዩ። ውኃው ላይ ሳኖራት ቆመው ተከተሏት። ከዚያ፣ «ልጄ፣ መልኳ እሷው ናት» አሉኝ። «አነቃነቋ ግን አይደለም። እሷ እንዲህ አትርበተበትም ነበር። ቀስ ብላ ትዘነበልና፣ ትንሽ ቆይታ፣ ቀስ ብላ ትመለሳለች። ሌሊት ተረኛ ሆነህ ስትቆም እግርህ ያውቀዋል።»

ትክክል ናቸው፤ ሒሳቡም ያንኑ ይላል። ፍጥነት በአሥር ሲካፈል ጊዜም በአሥር ይካፈላል፤ ትልቋ በአሥር ሰከንድ የምትጨርሰውን መወዛወዝ ትንሿ በአንድ ሰከንድ ትጨርሰዋለች። የማንኛውም አምሳያ መርከብ መጫወቻነት የሚታወቀው በቀለሙ ወይም በመድፉ አይደለም፤ በዚህ መርበትበት ነው። የጋሼ እግር የሚያውቀውን አነቃነቅ በፎቶ ማግኘት አይቻልም።

መላ አለው፤ ሙሉ ባይሆንም። ክብደቱ መሐል ላይ ተከማችቶ ሲቀመጥ መርከቧ ቶሎ ቶሎ ትወዛወዛለች፤ ያው ክብደት ወደ ግራና ቀኝ ጎኖቿ ሲገፋ ትዘገያለች። ከታች ያለው እርሳስ ቀንሶ ክብደቱ ትንሽ ከፍ ቢልም ትዘገያለች፤ ግን ያኔ ነፋሱን መቋቋም ያቅታታል። ስለዚህ ከመገልበጥ መዳንና እንደ እውነተኛዋ መዘንበል በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይገኙም፤ ምን ያህሉን ለየትኛው እንደምትሰጥ መወሰን ያለብህ አንተው ነህ። እኔ ወደ ጋሼ ትዝታ አዘንብያለሁ። ባትሪውን ለሁለት ከፍዬ በሁለቱ ጎኖቿ አጣበቅሁት፤ ከታች ካለው እርሳስ ጥቂቱን አነሣሁ፤ የወጥ ቤቱ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በጣቴ ገፋ ሳደርጋት አመላለሷ በግልጽ ዘግይቷል።

ለጋሼ ደወልኩና ነፋስ በሌለበት ቀን ይምጡ አልኳቸው። እሳቸው ግን ትንሽ ነፋስ ቢኖር ይሻላል አሉኝ፤ «ስትናጥ ካላየሁ እሷ መሆኗን በምን አውቃለሁ?»