«ቲቸር፣ መስመሩ ለምን ይደክመዋል?»

እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ሰው የሚናዘዘው ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ነው። የእኔ ጉዳይ የሒሳብ ነው... ቢሆንም ጥፋት ጥፋት ነውና እኔም ልናዘዝ።

አሰላ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ድሮ የስኩዌር ሩት ግራፍ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ አንድ ጎበጥ ያለ መስመር ጣል አድርጌ «ይህቺን ያዙ፣ ፈተና ላይ ትመጣለች» ብዬ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ከገጠር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ጭምት ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ መስመሩ ለምን ይደክመዋል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መልሱ የጠፋኝ እንዳይመስል ፈርቼ «የደከመውስ ያንተ ጭንቅላት ነው!» አልኩት። በማግስቱ ልጁ የለም። በሳምንቱም የለም።

ሕሊና ክፉ ነው... ቅዳሜ ጠዋት አጠያይቄ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ወጣሁ። አባቱ ገብስ ማሳ ዳር ችካል ሲተክሉ አገኘኋቸው። «መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ! ልጄ ምን አጠፋ?» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «ያጠፋሁስ እኔ ነኝ፣ አባባ» አልኳቸው።

እሳቸው ግን ስለ አጥሩ አጫወቱኝ። ጎኖቿ እኩል የሆኑ አንዲት ጥማድ መሬት፣ ሩብ ሄክታር ማለት ናት፣ አንድ ዙር ለማጠር 200 ሜትር ሽቦ ፈጅታባቸዋለች። አሁን አራት ጥማድ ባንድ ላይ ሊያጥሩ 800 ሜትር ሊገዙ ሲሉ ልጁ «400 ይበቃል» አላቸው። እውነቱን ነው! መሬቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጎኑ ከ50 ወደ 100 ሜትር፣ እጥፍ ብቻ ነው የሚያድገው። ለካ እኔ በሰሌዳ ያላስረዳሁትን ልጁ በችካል ለክቶታል!

ሰኞ ተመለሰ። ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁትና ሰንጠረዥ አሰመርን። ተማሪዎቹ በኤክስ በኩል 1፣ 2፣ 3 ብለው ሲሞሉ 1.41፣ 1.73 እየመጣ አስደነገጣቸው። ስለዚህ 0፣ 1፣ 4፣ 9፣ 16 መረጥን። ዋይ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሆነ። አያችሁ? ዋይ አንድ ደረጃ ለመውጣት ኤክስ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 7 መራመድ አለበት። የመስመሩ ድካም ይኸው ነው!

አንዷ ኔጌቲቭ 4 ጻፈች። አልተቆጣሁም። «ስፋቱ ከዜሮ በታች የሆነ ማሳ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ስላት ሳቀችና ሰረዘችው።

ልጆቻችሁን ቤት ለምታስጠኑ ወላጆች ምክሬ ይህ ነው። አንደኛ፣ ግራፉ የት እንደሚጀምር አስቀድማችሁ እዩ፤ ከሩቱ ሥር ያለው ዜሮ ወይም ከዜሮ በላይ መሆን አለበት። ኤክስ ሲቀነስ 3 ከሆነ ከ3 ይነሳል፤ 3፣ 4፣ 7፣ 12 ምረጡ። ሁለተኛ፣ ነጥቦቹን በማስመሪያ አታጋጥሙ። ከ0 እስከ 1 ያለው ግራ ካጋባችሁ ሩብን ጨምሩ፣ መልሱ ግማሽ ነው፤ መስመሩ ሲነሳ እንዴት ሽቅብ እንደሚወረወር ታያላችሁ። ሦስተኛውና ዋናው፣ በልጅ ጥያቄ አትሳቁ!

የአርሲ ሯጭ የሚፈተለከው መጨረሻ ላይ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው ክሩ ላይ ሲደርስ ነበር። ይህ ግራፍ ግን ተነስቶ ይሮጥና ቀስ ይላል። ይደክመዋል እንጂ አይቆምም፤ ምንጊዜም ሽቅብ ነው።

ያ ልጅ 12ኛን ጨርሶ ከእጄ ወጥቷል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው፦ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ያልፈለግኋቸውስ ስንት ነበሩ?