ቤት መኪናና ነፋስ

ፈረንጆቹ ሞተርሆም የሚሉት አልጋውን፣ ምድጃውንና መታጠቢያውን ተሸክሞ የሚሄድ ቤት ነው። አጎቴ ጡረታ ሲወጣ ሎስ አንጀለስ የነበረውን ቤቱን ሸጠና ይህንኑ ገዛ። እኔም በአንድ ጥር ወር አብሬው የአሪዞናን በረሃ አየሁ።

በረሃ ሲባል ሙቀት ብቻ የሚታየው አይጠፋም። በክረምት (ክረምት ስል የእነርሱን ነው) ሌሊቱ ውኃ ያረጋል። ቀን ደግሞ በዚያ ገላጣ ሜዳ ላይ ከልካይ ያጣው ነፋስ የመኪናውን ሰፊ ጎን እንደ ሸራ ይገፋዋል። ትልቅ የጭነት መኪና ሲቀድመን ነፋሱ ለአፍታ ይቋረጥና፣ አልፎን ሲሄድ መልሶ በጥፊ ይለናል። አጎቴ ከመሪው ጋር አይታገልም፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሲያቆምም የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው።

ኳርትዝሳይት ገባን። ከካናዳና ከሰሜን ግዛቶች ብርድ የሸሹ ጡረተኞች በየክረምቱ በቤት መኪኖቻቸው የሚሰፍሩባት ትንሽ ከተማ ናት። መቃብር ስፍራዋ ውስጥ ጫፏ ላይ ግመል የቆመባት የድንጋይ ፒራሚድ አለች። ሥሯ ያረፈው ሐጂ ዓሊ ነው፤ የአሜሪካ ጦር ለጭነት ካስመጣቸው ግመሎች ጋር በ1856 እ.ኤ.አ. የመጣ ሰው። ሙከራው ቀረ፤ ግመሎቹም ተሸጡ፤ እርሱ ግን እዚያው ኖሮ በ1902 ሞተ። ስሙን መጥራት ያቃታቸው ‹‹ሃይ ጆሊ›› አሉት፤ ሰሌዳው ላይም ያው ተጻፈ። የትውልድ ቦታው? ሶርያ ውስጥ የሆነ ስፍራ።

ሠላሳ ዓመት በሥራ ቦታው ‹‹ጌብ›› ሲባል የኖረው አጎቴ ገብረ ሥላሴ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበበ።

‹‹የኔን ደብረ ሲና ብለህ አስጽፍ›› አለኝ። ‹‹ስሙንም ሙሉውን።››

‹‹ምን ነካህ ጋሼ!››

መልስ ሳይሰጠኝ ነፋሱ ሳይበረታ እንሂድ ብሎ ቁልፉን አወጣ።