እርዳታውን ተቀበይ፣ ቤትሽን ግን አንቺው ምሪ

ለውድ ልጄ፣

እናትሽ ወደ እስራኤል እንዲመጡ ከተፈቀደላቸው መካከል ስምሽ ከወጣ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፤ ለልጆችሽ ፍራሽ ትገዛለች፣ ብርድ ልብስ ትቆጥራለች። እኔ ደግሞ በስልክ የማይነገረውን በወረቀት ላስቀምጥልሽ ብዬ ብዕር አነሣሁ። ስልክ ላይ ልቅሶና ሳቅ ይቀድመንና ቁም ነገሩ ሳይነሣ እንለያያለን። ይህን ከባልሽ ጋር ሆነሽ አንብቢው።

እኛ ስንመጣ አንቺ ባለትዳር ስለነበርሽ በእኛ ፋይል አልገባሽም፤ ጎንደር ቀረሽ። ስለዚያ ብዙ ተጻጽፈናል፣ ዛሬ አልመለስበትም። የዛሬው ነገሬ ከአውሮፕላን ከወረድሽ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ፤ እዚህ የምትኖሪው በእሱ ነውና ከአሁኑ ልመጂው።

መጀመሪያ የምትገቡት ሶኽኑት፣ የአይሁድ ኤጀንሲው፣ ወደሚያስተዳድረው መርከዝ ክሊታ፣ የአዲስ መጤዎች መቀበያ ማዕከል ነው። እዚያ መኖሪያ ክፍል ይሰጣችኋል። ቤተሰባችሁን የምትከታተል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ትመደብላችኋለች። ልጆቹ ወዲያው ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ በዚህ አገር ከ3 ዓመት ጀምሮ መማር በሕግ ግዴታ ነው። እናንተ ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ትገባላችሁ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው 5 ወር ሲማር ለእኛ ከኢትዮጵያ ለመጣነው 10 ወር ያህል ይሰጣል። ጎን ለጎን የሃይማኖት ትምህርቱ አለ። ኡልፓኑን በምንም ምክንያት አታቋርጪ። ጽዳት ሥራ ተገኘ ብለው በሦስተኛው ወር ጥለው የወጡ ሴቶች አውቃለሁ፤ ከዓመታት በኋላ ዛሬም ደብዳቤያቸውን ሰው ያነብላቸዋል። ያን ጊዜ ያገኙት ደመወዝ ግን አንድ ክረምት አላሻገራቸውም።

ይህን ሁሉ አገልግሎት ስታገኚ አንገትሽን አትድፊ። ልመና አይደለም፤ የመጣ ሰው በሕግ የሚያገኘው ነው። ብዙው ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አልመጣም። በ1996 መጀመሪያ ላይ የእኛ ሰዎች የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደኖረ በጋዜጣ ሲወጣ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝባችን ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጥቶ ጮኸ። ከዚያ ዘመን ወዲህ ልጆቻችን ራሳቸው ተምረው ማኅበር አቆሙ። በትምህርት ጉዳይ ፊደል የሚባለው፣ በጤና ጉዳይ ጤና ብሪዑት፣ በ2000 ደግሞ ያለ ክፍያ በሕግ የሚከራከርልን ጠበቃ የተባለው ድርጅት መጡ። ስለዚህ ስትጠይቂ ድምፅሽ አይቀንስ፤ ሌሎች ታግለው የከፈቱት በር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ።

ልጆችሽ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ዕብራይስጡን እንደ ውሃ ይጠጡታል። ትልቁ ወንድ ልጅሽ ባንክ ይዞሽ ይሄዳል፣ ክሊኒክ ይዞሽ ይሄዳል፣ የመጣውን ደብዳቤ ያነብልሻል። አንቺም “ልጄ ጎበዘልኝ” ብለሽ ደስ ይልሻል። ግን ልጅ የአባቱን ዕዳ፣ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ማወቅ የለበትም። አንድ ጊዜ ከቢሮ ጋር የሚነጋገረው እሱ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም የሚወስነው እሱ ይሆናል። በ14 ዓመቱ “አንቺ ምን ታውቂያለሽ?” ይልሻል፤ አንቺም መልስ ታጪያለሽ። በሱዳን በረሃ በኩል የመጡት ወገኖቻችን፣ በ1991 ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሆነው የመጡትም፣ ብዙዎቹ ይህ ደርሶባቸዋል። በዚያ ላይ የዚያን ዘመን ወጣቶች አብዛኞቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ትምህርት አገኙ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ግን የሚግባቡበት ቋንቋ ሳሳ። አባት በቤቱ እንግዳ ሆነ። እኔ በሥራዬ የማየው የልጅ ልጆቻቸውን ነው፤ ቁስሉ ገና አልሻረም።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከመምህርነቴ በኋላ እዚህ መጋሼር፣ ማለትም በትምህርት ቤትና በወላጅ መካከል አገናኝ ሆኜ እንደምሠራ ታውቂያለሽ። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ቢሮ ስገባ፣ አንዲት እናት ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። ከጠረጴዛው ማዶ መምህሯ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋና ምክትል ርእሰ መምህሩ አሉ። እነሱ በፍጥነት ያወራሉ፤ እሷ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ራሷን ትነቀንቃለች። ወረቀት አቀረቡላት። ኡልፓን በተማረችው ፊደል ስሟን አንድ በአንድ መጻፍ ጀመረች። “እኅቴ፣ ምን እየፈረምሽ እንደሆነ ነግረውሻል?” አልኳት። “ልጆቹን ለሽርሽር ሊወስዷቸው ነው መሰለኝ” አለችኝ። ወረቀቱ ልጇ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ልዩ ክፍል እንዲዛወር ለሚወስነው ኮሚቴ የሚቀርብ ፈቃድ ነበር።

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ይህን አስተውዪ። እኛ ታላቅ ሰው ሲናገር አቀርቅረን እንሰማለን፣ ራሳችንን የምንነቀንቀውም “እየሰማሁዎት ነው” ለማለት ነው። እነሱ ደግሞ ተስማማች ብለው አነበቡት። ስብሰባው በሌላ ቀን አስተርጓሚ ባለበት እንደገና ተደረገ። እናቲቱ ልጇ ማታ ማታ ወንድሙን እንደሚጠብቅና የቤት ሥራውን የሚያይለት እንደሌለ ተናገረች። ልጁ ክፍሉ ውስጥ ቀረ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ድጋፍ ተመደበለት። ዛሬም እዚያው ይማራል።

እንግዲህ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከመምጣትሽ በፊት በቃልሽ ያዢ፦ “አኒ ጽሪኻ መቱርገማን።” አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ባልሽ ደግሞ “ጻሪኽ” ይበል። የገባሽ ሳይሆን የመሰለሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ። “ወደ ቤት ወስጄ አሳይቼ ልምጣ” ማለት ነውር አይደለም፤ ማንም አይቆጣሽም። ከፈረምሽም ቅጂውን ተቀብለሽ በአንድ ፋይል አስቀምጪ። እኔ የማውቃቸው ጉዳያቸው የተቃናላቸው ቤተሰቦች ሁሉ ወረቀታቸውን የሚያስቀምጡ ናቸው።

በሕክምና ነገር ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። ኩፓት ሆሊም የሚባሉ አራት የጤና ድርጅቶች አሉ፦ ክላሊት፣ ማካቢ፣ መዑሄዴትና ሌዑሚት። ከአንዱ ትመዘገቢያለሽ። በ2011 የጤና ሚኒስቴር ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች ሕመምተኛውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያስተናግዱ መመሪያ አውጥቷል። ጤና ብሪዑት ሐኪምንና ታካሚን በስልክ በአማርኛ ሲያገናኝ የቆየ ማኅበር ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ስትጠይቂ እንዲደረግልሽ የሚገባውን ነው የጠየቅሽው። ይህን የማበዛብሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ዴፖ ፕሮቬራ የሚባለው የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ለብዙ የእኛ ሴቶች ሲሰጥ እንደኖረ፣ አንዳንዶቹም ምን እንደሚወጉ በቅጡ ሳይገለጽላቸው እንደቀረ ተናግረው ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሣ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቲቱ የመርፌውን ነገር በሚገባ መረዳቷ ካጠራጠረ ሐኪሞች እንዳይደግሙት ለኩፓት ሆሊሞቹ ጻፉ። ስለ ሰውነትሽ “ምንድን ነው? ለምንድን ነው? ሌላ አማራጭ አለ?” ብለሽ ጠይቂ። ሐኪም ማክበር ማለት ዝም ማለት አይደለም።

ለሕፃናቱ ቲፓት ሃላቭ የሚባል የእናቶችና ሕፃናት ጣቢያ አለ፤ ክትባቱን፣ ክብደቱን እዚያ ያያሉ። ከነርሷ ጋር ተዋወቂ። ስለ ምግብም አንድ ቃል፦ ነጭ ዳቦውና ጣፋጭ መጠጡ እዚህ ርካሽ ነው፤ ስኳር በሽታ በአገራችን ብዙም የማናውቀው ሆኖ ሳለ እዚህ ከመጣን ወዲህ ብዙ ሰዎቻችንን ይዟል። እንጀራሽን፣ ሽሮሽንና ጎመንሽን አትተዪ።

በትምህርት ቤት በኩል የሚረዱ ፕሮግራሞች አሉ። ለትንንሾቹ ወላጅንና ልጅን አብሮ የሚያይ ፓክት የሚባል ፕሮግራም ሲሠራ ቆይቷል። ለትልልቆቹ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ፕሮጀክት የሚባለው ከትምህርት በኋላ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። በምትኖሪበት ከተማ የትኛው እንዳለ ማዘጋጃ ቤቱን ወይም መጋሼሩን ጠይቂ፤ ሁሉም በሁሉም ቦታ የለም። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ግን ራስሽ ሂጂ። ዕብራይስጥሽ ጎዶሎ ቢሆንም ሂጂ። መምህር በዓይን የምታውቃትን እናት ልጅ ችላ አትልም፤ ይህን በሥራዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቤት ስትገቡ ደግሞ ልጆቹን በአማርኛ አናግሪያቸው፣ ፊደሉንም አስቆጥሪያቸው። ዕብራይስጡን መንገዱም ትምህርት ቤቱም ያስተምራቸዋል፤ አማርኛውን ከአንቺ በቀር የሚሰጣቸው የለም።

አሁን ለባልሽ። እንደ ልጄ ስለማየው ነውና አይከፋብኝ። እዚህ ብዙ ጊዜ ሴቷ ቀድማ ሥራ ታገኛለች፣ የልጆች አበልም በእናት አካውንት ይገባል፣ የቢሮ ሰውም እሷን ይጠራል። እዚያ ሽማግሌ ተብሎ ከፊት ይቀመጥ የነበረ ወንድ እዚህ ማንም ምክር የማይጠይቀው ይሆንና ዝም ይላል። ዝምታው ወደ መጠጥ፣ መጠጡ ወደ ጠብ የወሰዳቸው ቤቶች አሉ። ልጄ፣ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ስትሄዱ ሁለታችሁም ሂዱ። የገንዘቡን ነገር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተነጋገሩበት። ቅር ያላችሁ ነገር ሲኖር ሽማግሌም ቄስም አሉን፣ ጥሩአቸው። እጅ ከተነሣ ግን የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም፤ ፖሊስ በ100 ይጠራል፣ የማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ መስመር 118 ነው። ይህን አባትሽ ሆኜ እየተናገርኩ ነው፤ ማንም “ትዳርሽን አፈረስሽ” ቢልሽ እኔ ከጎንሽ ነኝ።

ስለ ገንዘብ አላበዛም። በር እያንኳኩ መጽሐፍ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የስልክ ጥቅል የሚሸጡ ሰዎች ይመጣሉ። ሆራአት ኬቫ የሚባለውን፣ ባንክ በየወሩ ከሂሳብሽ እንዲቆርጥ የምትፈቅጂበትን ወረቀት ያስፈርማሉ። ኦሌ ሃዳሽ፣ አዲስ መጤ የሆነ ሰው በስልክ ወይም በሩ ላይ ከሻጭ ጋር ተነጋግሮ የገባውን ውል በ4 ወር ውስጥ እንዲሰርዝ ሕጉ ይፈቅድለታል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ዓመታት ይከፍላል። የሥራ ደመወዝሽን ከቀነሱብሽ፣ በመልክሽ ምክንያት ሥራ ወይም ትምህርት ቤት ከከለከሉሽ ጠበቃ ዘንድ ሂጂ። ዝም ብለሽ አትዋጪው።

የመጨረሻው የልጆቹ ስም ነው። በፊት የመጡት አየር ማረፊያው ላይ ወይም ትምህርት ቤት ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም ተለጥፎባቸው የቀሩ ብዙ ናቸው። ልጆቹ ራሳቸው አድገው የዕብራይስጥ ስም ቢጨምሩ ምርጫቸው ነው። አንቺ ግን እኔና እናትሽ ያወጣንላቸውን ስም አስጽፊ፤ በዕብራይስጥ ሲጻፍ በትክክል መነበቡን አስነብበሽ አረጋግጪ፣ ከዚያ ፈርሚ።

እስከዚያው የጋብቻ ወረቀታችሁን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት ካርድ ሰብስቢ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፎቶ ኮፒ አስነሺ፤ አንዱን ለአጎትሽ ትተሽለት ነይ። ዋናውን በሻንጣ እንዳታስገቢ፣ በእጅሽ ያዢው።

አባትሽ