አባቴ የሚጭናት ጨው

አባቴ ብቻውን ሲነዳ ከኋላ ወንበር ጀርባ አንድ ጆንያ ጨው ይጭን ነበር። ተሳፋሪ ካገኘ ጨዉ ይወርዳል፤ ተሳፋሪው ሲወርድ ጨዉ ይመለሳል። የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበር። ከያቤሎ ተነስቶ ወደ ዱብሉቅ፣ ወደ መጋ፣ አንዳንዴም በኮንሶ መንገድ ከበረት በረት ሲዞር የኖረው እ.ኤ.አ. በ1965 በተሠራች አንዲት ቮልስ ነው። ጨዉ ከኤል ሶድ፣ እኛ ጨው ቤት ከምንለው ጉድጓድ የወጣ የከብት ጨው ነው። ልጅ ሳለሁ የሚነግድበት ይመስለኝ ነበር። ስጠይቀው «መኪናዋ እንድትቀመጥልኝ ነው» ይለኛል። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ እሱ ካረፈ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ስሯ የተጋደምኩ ቀን ነው።

የድሮው ቮልስ የኋላ አክስል የሚታጠፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ካምቢዮው ጋ። ጎማው ዘንድ መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል እንደ ወፍ ክንፍ ቅስት እየሠራ ነው። መኪናዋ ስትጫን ጎማዎቹ ከታች ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ እግሩን አንፈራጦ እንደቆመ ሰው መሬት ትይዛለች። ባዶ ስትሆን ግን ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እንዲህ ሆና ኩርባ ውስጥ በፍጥነት የገባ፣ ከዚያም ደንግጦ ነዳጅ የለቀቀ ወይም ፍሬን የያዘ ሰው ጉድ ይሆናል። ኋላዋ ብድግ ይላል፣ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ከሆዷ ስር ይታጠፋል፣ መኪናዋ ትዞራለች። ሲብስ ትገለበጣለች። ያቺ አንድ ጆንያ ጨው ለካ የጎማዎቹን እግር የምትከፍት ነበረች።

ይህ የድሃ መኪና ችግር ብቻ አልነበረም። የቮልስ የሥጋ ዘመድ የሆነችው ፖርሽ 356 እስከ እ.ኤ.አ. 1965 በዚሁ አክስል ተሠርታለች። በሩ ወደ ላይ የሚከፈተው መርሴዲስ 300 ኤስኤልም እንዲሁ። አሜሪካዊው ራልፍ ናደር በ1965 ስለ መኪና አደጋ ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠው ተመሳሳይ አክስል ለነበራት ለሼቭሮሌ ኮርቬር ነው። በሌላ በኩል ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ ቮልስ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው በዚሁ አክስል እንደሆነ ሳስብ ለነጂዎቹ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። አባቴንም ከነሱ ጋር እቆጥረዋለሁ፤ ዋንጫ አልተሰጠውም እንጂ በዚያች መኪና አንድም ቀን አልተገለበጠም።

ፋብሪካው መፍትሔውን ያመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኮምቢ ለተባለው ሚኒባሱ፣ በ1970 ደግሞ 1302 ለተባለችው ቮልስ በእያንዳንዱ አክስል ላይ ሁለት መታጠፊያ ሰጠ፤ አንዱ ካምቢዮው ጋ፣ አንዱ ጎማው ጋ። መታጠፊያው ሲቪ ጆይንት ነው። ክሮቸራን፣ ባለ መስቀሉን መታጠፊያ፣ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። ክሮቸራ ታጥፎ ሲሽከረከር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ ንዝረቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሲቪ ጆይንት ውስጥ ግን ስድስት የብረት ኳሶች በቦያቸው ይሄዳሉ፤ የያዛቸው ቀለበት ኳሶቹን ሁልጊዜ የማዕዘኑ እኩሌታ ላይ ስለሚያቆማቸው በአንድ ወገን የገባው ፍጥነት በሌላው ወገን ሳይዛነፍ ይወጣል። ሳፋሪን በ1971 እና በ1973 ያሸነፈችው ዳትሰን 240ዜድ ኋላዋ ክሮቸራ ነበር። ዛሬ የሷ ወዳጆች ክሮቸራውን እያወጡ ከኋለኛዋ 300ዜድኤክስ የተነሳ ባለ ሲቪ ጆይንት አክስል ይገጥሙላታል። እኔም ከዚህ የተለየ ነገር አላደረግኩም፤ ያረጀች ቮልስ ላይ የታናሽ እህቷን እግር ተከልኩ።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ፣ ከሱማሌ ተራ፣ ከተፈታች ቮልስ ላይ አገኘሁ። 570 ኪሎ ሜትር ገደማ በጭነት መኪና ተጉዞ ያቤሎ ገባ። ሥራው ብሎን ፈትቶ ብሎን ማሰር ብቻ አይደለም። አዲሶቹ ክንዶች የሚንጠለጠሉበት ብረት ሻንሲው ላይ፣ ከኋላ ወንበር ስር በአግድም ከሚያልፈው ወፍራም ቱቦ ጋር መበየድ አለበት። ካምቢዮውም ሌላ መሆን አለበት። ምንጣፉን ስንገልጥ መካኒኩ ዝም አለ። የአባቴ ጨው ዓመት ከዓመት እርጥበት እየሳበ ወለሉን በልቶታል። ለሠላሳ ዓመት ሕይወቱን የጠበቀለት ጨው ከስር ብረቱን ሲጨርስ ነበር። ቱቦውን በመዶሻ እየመታን ድምፁን አዳመጥን፤ ደህና ነበር። ወለሉን ግን ግማሹን ቆርጠን በአዲስ ላሜራ ተካነው። እባካችሁ፣ አሮጌ መኪና ላይ አክስል ልትቀይሩ ስትነሱ ከጆይንቱ በፊት የሚበየድበትን ብረት እዩ። በዛገ ብረት ላይ የተበየደ አዲስ እግር ከአሮጌው እግር ይብሳል።

መካኒኩ (ጋሼ ነው የምለው፣ ከአባቴ ጋር ያደገ ሰው ነው) የኮምቢውን ጆይንት እንድንገጥም ፈልጎ ነበር። የኮምቢው ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቮልሷ 94። «ልጄ፣ ትልቁ ይሻላል፤ ሁለተኛ አታየውም» አለኝ። «ጋሼ፣ ሞተሯ 34 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ምን ትሰብርበታለች?» አልኩት። በአሸዋ ላይ ለሚዘል፣ ሞተሩ ለጎለበተ መኪና ትልቁ ተገቢ ነው። ለሷ ግን አክስሉ አልሰበር ባለ ቁጥር ጫናው ወደ ካምቢዮው ጥርስ ያልፋል፤ አክስል ደግሞ መንገድ ዳር ይቀየራል፣ ካምቢዮ አይቀየርም።

በኛ አገር ጆይንት የሚገድለው ጉልበት ሳይሆን አፈር ነው። የቦረናን ቀይ አቧራ የማያውቅ ሰው ይህን ቀላል ነገር ያደርገዋል። ጆይንቱን የሚሸፍነው ጎማ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ካገኘ ግሪሱ ይረጫል፣ አቧራው ይገባል፣ ግሪስና አቧራ ተቀላቅለው ኳሶቹን እንደ ወፍጮ ይፈጫሉ። እኔ ለጆይንቱ ብዙ ብር አውጥቼ ለሽፋኑ ሳሳሁ፤ የገዛሁት ርካሽ ጎማ በሦስት ወሩ ፀሐይ ሰነጠቀው። አሁን ጥሩውን ገዝቻለሁ፤ በየጉዞው መጨረሻም ተጋድሜ በጣቴ እዳስሰዋለሁ። ግሪሱም ሞሊብዲነም ያለበት፣ ለጆይንት የተሠራው ይሁን፤ ለኩሽኔታ የሚሆነው እዚህ አይሠራም። አንድ ነገር ደግሞ ከጋሼ ተምሬያለሁ፦ ጆይንቱ መንኳኳት ሲጀምር ቶሎ አይጣልም። የግራውን አክስል ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ብታዛውሩት ኳሶቹ ባልተበላው የቦዩ ፊት ላይ ይሄዳሉ። ሳይበዛበት ከተደረሰለት ብዙ ጊዜ ይሰጣል።

«ለዚህ ሁሉ ድካም አዲስ አትገዛም?» የሚሉኝ አሉ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከብዙዎቻችን አቅም በላይ አደረጋቸው፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ግን ይህ ምክንያት ባይኖርም አልሸጣትም ነበር። አሮጌውን አክስል ለማውጣት አንድ ዓመት የዘገየሁትም ለዚሁ ነው፤ አባቴ የነካውን መንካት ከብዶኝ። የቆረጠልኝ ልጄ መንዳት ልማርባት ስትለኝ ነው። የጨዉን ምስጢር ያልተማረ ሰው ባዶዋን ይዞ ኩርባ ሲገባ ታየኝ።

ባለፈው እሑድ እናቴን ይዤ ወደ መጋ ወረድኩ። ገና ከመቀመጧ ወደ ኋላ ዞራ «ጨዉን የት አደረግከው?» አለችኝ። አያስፈልግም አልኳት። መልስ አልሰጠችም፤ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ግን የበሩን እጀታ አጥብቃ ያዘች። ሦስተኛው ላይ ለቀቀችው። መጋ ስንደርስ እሷ ሻይ ስትጠጣ እኔ ከመኪናዋ ስር ገባሁ፤ ሽፋኑ ሲቀየር እንደ አዲስ የታሰሩ የጆይንት ብሎኖች ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና መፈተሽ አለባቸው። በእያንዳንዱ ጆይንት ስድስት፣ ሃያ አራት ናቸው። ሃያ ሦስቱ አልነቃነቅ አሉ። በግራ በኩል የነበረች አንዷ ሩብ ዙር ዞረች።